ሃያ አንደኛው ደቂቃ

(አዲስ አበባ፣ ጥር 1970 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ፤ በአንድ ሆቴል ባዶ አዳራሽ ውስጥ የ«ገደል ማሚቶ» ባንድ መሪና ኦርጋን ተጫዋች ላቀው ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ዝግጅት መድረክ ላይ ገመድ ይሰካካል፤ የጊታሪስቱ የይርዳው ታላቅ እህት፣ የምርመራ መሥሪያ ቤት ታይፒስቷ አስካለ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከመድረኩ ሥር ቆማለች።)

ላቀው፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ አስካለ። ፕሮግራሙ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ነው የመጣው። አንድ ነገር ላውጣ ብል እንደገና ሄጄ ላስፈርም ነው።

አስካለ፦ «ረጅሙን» ብቻ ተውልኝ ነው ያልኩህ። ሌላውን እስኪበቃችሁ ተጫወቱ።

ላቀው፦ ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። የፍቅር ዘፈኑንማ ከሬዲዮም ይሰማዋል። «ረጅሙ» ግን አንዴ ከተጫወትነው አይደገምም። ዛሬ የሰማ ሰው የዛሬ ሳምንት ቢመጣ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ለዚያ ብሎ ነው ሰዓት እላፊ እያለበት ከሳሪስ ድረስ በእግሩ የሚመጣው።

አስካለ፦ እንግዲያው ይርዳውን ተወው። አሞታል በልልኝ።

ላቀው፦ አሞታል እንዴ?

አስካለ፦ በል አልኩህ እንጂ አሞታል መች አልኩህ?

ላቀው፦ ያለ ጊታር «ረጅሙ» ምን ይሆናል? አርባ ደቂቃ ሙሉ ብቻዬን ኦርጋን እያንጫጫሁ ልቀመጥ? አዲሱን ድራመር አይተሽዋል? ከማርሽ ባንድ ነው ያመጣሁት። እኛ በሰባት ቆጥረን ስንጀምር እሱ ስምንተኛው የት ሄደ ብሎ ይፈልጋል።

አስካለ፦ ስንሻው እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም።

ላቀው፦ ስሙን እዚህ ባትጠሪው።

አስካለ፦ ማን አለና? ወንበሮቹ ይሰሙናል?

ላቀው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህ ወንበሮች ላይ እነማን እንደሚቀመጡ አታውቂም።

አስካለ፦ አውቃለሁ። አንዱ ቴፕ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ላቀው፦ የምን ቴፕ?

አስካለ፦ የታኅሣሥ አሥራ አምስቱን። ያ ሁሉ ሰው የተነሣበትን «ረጅሙን» ከዳር እስከ ዳር ቀድተውታል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝና «የምትሰሚውን ጻፊ» አሉኝ።

ላቀው፦ ለአንቺ? ወንድምሽ ያለበትን?

አስካለ፦ እህቱ መሆኔን ማን ያውቃል? የምንገናኘው በእናት ነው፤ የአባት ስማችን ለየቅል ነው። እነሱ የሚያውቁኝ እጄ ፈጣን መሆኑን ነው። ንግግር ይሁን፣ ስብሰባ ይሁን፣ የሰው ምርመራ ይሁን፣ ከቴፕ ክር ላይ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ይህንን ግን ባዳምጠው ባዳምጠው ቃል የለበትም። ገብቼ ለኃላፊው «ጓድ፣ ይህ እኮ የሚጻፍ የለውም» ብላቸው፣ «የሚጻፍ ከሌለው ሦስት መቶ ሰው ምን አስለቀሰው?» አሉኝ።

ላቀው፦ ምን አልሻቸው?

አስካለ፦ ምን እላለሁ? ተቀምጬ ጻፍኩ። «ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ደቂቃ፣ ድራምና ቤዝ። ቀጥሎ ጊታር። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ።»

ላቀው፦ ይጮኻሉ?

አስካለ፦ ይጮኻሉ እንጂ! እኔ እንደ አንተ አስመራ በአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ አላደግኩም። አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ለምን እንደሚፈጅ ይርዳው ስንት ጊዜ ሊያስረዳኝ ሞክሯል መሰለህ። «እህትዓለም፣ መንገድ ነው፤ የት እንደሚያደርስሽ ሳታውቂ ነው የምትሄጂው» ይለኛል። እኔ ደግሞ የት እንደሚያደርሰኝ ሳላውቅ ከቤቴም አልወጣ።

ላቀው፦ ሌላ ምን ጻፍሽ?

አስካለ፦ «በሃያ አንደኛው ደቂቃ ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ዜማ ይጀመራል። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ልቅሶ፤ መጀመሪያ የአንዲት ሴት፣ ከዚያ የብዙ ሰው። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ የወንበር ድምፅ፣ ሰው ይነሣል።» ፊደል እየሳትኩ ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀየርኩ።

ላቀው፦ ልቅሶውን ባትጽፊው ምን ነበረበት?

አስካለ፦ እነሱስ ጆሮ የላቸውም? ልጇ የሞተባት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንዳትወጣ፣ ድንኳን እንዳይተከል፣ ለቀስተኛ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሰዎች ናቸው። ሦስት መቶ ሰው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያለቅስ እንዴት አይሰሙም?

ላቀው፦ ያን ቀን እኔም ፈርቻለሁ። ቀና ስል የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ቆሟል። አንድ ትልቅ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እናቁም ብዬ ዓይኔን ወደ ልጆቹ ብጥል ማንም አያየኝም። እንዲያ ከሆነ በኋላ ማቆሚያ የለውም።

አስካለ፦ እነሱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ዜማውን ማን ጀመረው? እሱን ነው ከሥሩ ያሰመሩበት። ይህን ደግሞ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ።

ላቀው፦ እኔ ከየት አውቄ?

አስካለ፦ ማክሰኞ የት ነበርክ፣ ላቀው?

ላቀው፦ ማክሰኞ? ናዝሬት። አምፕሊፋየር ላሠራ።

አስካለ፦ እስከ ሐሙስ?

ላቀው፦ ዕቃው ጠፍቶ ነዋ።

አስካለ፦ አዲስ የሚገቡትን እስረኞች ስም ዝርዝር የምትመታው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ረቡዕ ጠዋት ወረቀቷን አየሁት። «ላቀው ወልደ ጻድቅ፣ ሙዚቀኛ» ይላል።

ላቀው፦ ድምፅሽን ቀንሺ በማርያም።

አስካለ፦ ለማን ብዬ? ስገባ አንድ አስተናጋጅ እንኳ አላየሁም። ሁልጊዜ ቦርሳሽን ካልፈተሽኩ የሚለኝ ዘበኛ ዛሬ ፊቱን አዞረ።

ላቀው፦ ምሳ ሄደው ይሆናል። ሁሉም ባንዴ ነው የሚሄዱት።

አስካለ፦ ምን አደረጉህ?

ላቀው፦ አልመቱኝም። እሱን ልንገርሽ፣ አልነኩኝም። ሻይ ሰጡኝ። ያናገረኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ስለ ሙዚቃ ነው የሚጠይቀኝ። ቅኝቱ ምንድን ነው፣ ለምን ኖታ የተጻፈበት ወረቀት የላችሁም፣ ማን ለማን ምልክት ይሰጣል ይለኛል። እኔም እውነቱን ነገርኩት። ወረቀት የለም፣ ምልክትም የለም። አንዱ አንድ ነገር ይጥላል፣ ሌላው ያነሣል፣ ያ ደግሞ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል፤ ወዳጆች ተሰብስበው ሲያወጉ ማለት ነው አልኩት። «ታዲያ ወጉን ማን ጀመረው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ማን እንደጀመረው አይታወቅም አልኩት። «እንግዲያው አምስታችሁም ናችሁ» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

አስካለ፦ ከዚያስ?

ላቀው፦ ከግድግዳው ማዶ ሰው ይጮህ ነበር፣ እትዬ አስካለ። ሁለት ቀን ሙሉ። ሌላ ሰው ጩኸት ብሎ ያልፈዋል። እኔ ድምፁ ሲወጣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ሲወርድ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ይህ ጆሮ አይዘጋም።

አስካለ፦ ከዚያስ አልኩህ።

ላቀው፦ ቤዙ ሁለት ልጆች አሉት። ሳክስፎኑ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ድራመሩ ያን ዕለት ከእኛ ጋር ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አልገባውም። አምስት ሰው ከሚሄድ...

አስካለ፦ አንድ ሰው ይሂድ።

ላቀው፦ ይርዳው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው...

አስካለ፦ እህት አለው!

ላቀው፦ አውቃለሁ።

አስካለ፦ አፍህን ሞልተህ በለዋ። ጊታሪስቱ ነው አልካቸው።

ላቀው፦ አልኳቸው። ፈረምኩም። ዛሬ «ረጅሙን» ተጫወቱ ያሉትም እነሱ ናቸው። ያንኑ ይጫወተው፣ በዓይናችን እንየው አሉ። የኋላው ረድፍ የእነሱ ነው። ሲያልቅ በጓሮ በኩል መኪና ይቆማል።

አስካለ፦ ይህን ይዘህ ነው ማኅተም ተመትቶበታል እያልክ የምትከራከረኝ?

ላቀው፦ ምን ልበልሽ? በምን አፌ ልንገርሽ?

አስካለ፦ እናታችን ስትሞት ይርዳው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። አሳደግኩት። የመጀመሪያዋን ጊታር ከአስመራ በአውቶቡስ ተሸክመህ ያመጣህለት ግን አንተ ነህ። ጣቱ እስኪላጥ ያለማመድከው አንተ ነህ። በፋሲካ እኔ ቤት ከእሱ ጎን ነበር የምትቀመጠው።

ላቀው፦ የማይቆጨኝ ይመስልሻል? ከሐሙስ ወዲህ እህል ቀምሼ አላውቅም።

አስካለ፦ ለቁጭትህ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ያ ዜማ የምንድን ነው?

ላቀው፦ እኔ እንጃ። ትዝታ ቅኝት ነው። ትዝታ ውስጥ ስትገቢ የማይመጣ ነገር የለም።

አስካለ፦ በጆሮዬ ይዤው ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እማማ አጸደ ጋ ሄድኩ።

ላቀው፦ የስንሻው እናት ጋ? ምን ልታደርጊ?

አስካለ፦ ድራመራችሁ በጥቅምት ከቤቱ ተወስዶ በሳምንቱ መንገድ ዳር ወድቆ ከተገኘ ወዲህ አንዳችሁም አልጠየቃችኋቸውም፤ እኔ ልጠይቃቸው ብዬ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዜማውን ቀስ አድርጌ አንጎራጎርኩላቸው። ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ይህን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። ለካ የራሳቸው ሙሾ ነው። እንዳያለቅሱ ከተነገራቸው ቀን ጀምሮ፣ ጎረቤት ሳይነሣ፣ ጎህ ሲቀድ ትራሱን አፋቸው ላይ ይዘው የሚያወጡት። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ሰሚ የለውም አሉ።

ላቀው፦ ይርዳው ሰምቷቸው ይሆናላ።

አስካለ፦ ይርዳው ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ግቢ አልደረሰም። ዓይናቸውን ማየት አቃተው። ከእማማ አጸደ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተከራየው ማን ነው፣ ላቀው?

ላቀው፦ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለ፦ ማን ነው የተከራየው?

ላቀው፦ እኔ ነኝ። ግድግዳው ጭቃ ነው። ትራስ አያግደውም።

አስካለ፦ ቴፑን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጨረሻ ላይ ጩኸቱ ተለየልኝ። አምስት ሰው ሲጠባበቅ ሰማሁ። አንዱ ቦታ ሲለቅ ሌላው እንዳይረግጠው ቆም ይላል። ይርዳው መንገድ የሚለኝ ይህ ነበር እንዴ ብዬ ታይፑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሁላችሁም ዝም ስትሉ፣ ጊታሩ ሳይገባ፣ ከሥር ቀስ ብሎ የሚነሣ ነገር ሰማሁ። መጀመሪያ የቴፑ ማጉረምረም መስሎኝ ነበር።

ላቀው፦ አስቤ አይደለም! እናቴ ትሙት አስቤ አይደለም። እዚያ ላይ አታስቢም፤ ማሰብ የጀመርሽ ለት ጨዋታው ይሞታል። ሃምሳ ቀን ሙሉ ንጋት በመጣ ቁጥር በጆሮዬ ሲገባ የኖረ ነገር፣ ዝም ስንል ጊዜ በጣቴ ወጣ። ሦስት ኖታ ብትሆን ነው። ደንግጬ ልተዋት ስል ይርዳው ቀና ብሎ አየኝና ከእጄ ተቀበለኝ። እሱ ባያሳድጋት ኖሮ አንድም ሰው አይሰማትም ነበር። አዳራሹን ያስለቀሰው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም!

አስካለ፦ አንተ መሆንህን ያውቃላ?

ላቀው፦ ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኮ።

አስካለ፦ ዜማውን ማን ጀመረው ብዬ ትናንት ጠየቅኩት። ልብሱን እያጣጠፈ ነበር። «እኔ ነኝ» አለኝ። ሁለተኛ ጠየቅኩት። «እኔ ነኝ አልኩሽ አይደል» ብሎ ተቆጣኝ። ላሳደገችው እህቱ እንኳ አንተን አልሰጠም።

ላቀው፦ እንደዚያ አለ?

አስካለ፦ እንደዚያ አለ።

ላቀው፦ አምላኬ ሆይ!

አስካለ፦ አሁን ስማኝ። ከሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ። «ዜማውን የጀመረው መሣሪያ» ይልና ክፍት ነው። የአንተ ቃል አልበቃቸውም፤ ከቴፑ ጋር ሊያመሳክሩት ነው። ኖታ የሚያውቅ ሰው የላቸውም፣ እኔ የጻፍኩትን ነው የሚያምኑት። ምን ብዬ ልጻፍ?

ላቀው፦ እኔን ነው የምትጠይቂው?

አስካለ፦ ሌላ ማንን ልጠይቅ? ኦርጋን ልበል ወይስ ጊታር?

ላቀው፦ አይለይም በይ። ሁሉም አንድ ላይ ነው በይ።

አስካለ፦ እንዲያ ካልኩ አምስታችሁም ናችሁ። ራስህ አይደለህ የነገርከኝ?

ላቀው፦ እትዬ አስካለ፣ እኔ ከገባሁ አልወጣም። የሐሰት ቃል ሰጥቼ ፈርሜያለሁ፣ ዋሸኸን ብለው ነው የሚጀምሩኝ። ይርዳው ግን ወጣት ነው። አንቺም እዚያው ነሽ፣ የምታውቂው ሰው አይጠፋም፤ ትለምኚለታለሽ፣ ወር ሁለት ወር ያቆዩትና ይለቁታል። ለእኔ ማን ይለምናል? ማን አለኝ?

አስካለ፦ ስለዚህ?

ላቀው፦ ገብቶሻል እኮ። ከአፌ አታውጪው።

አስካለ፦ ከአፍህ ነው የምፈልገው።

ላቀው፦ ጊታር።

አስካለ፦ አልሰማሁህም።

ላቀው፦ ጊታር! ጊታር ብለሽ ጻፊ! ምን እንዲህ ታይኛለሽ? ወረቀቱን አውጪና ጻፊው ይለቅልን።

አስካለ፦ ይርዳው ዛሬ ንጋት ላይ ከተማውን ለቆ ወጥቷል። ጊታሩን ትቶ። በምን በኩል እንደሄደ እንድነግርህ አትጠብቅ።

ላቀው፦ ወጣ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምን ልላቸው ነው?

አስካለ፦ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ምንም አይጠይቅህም። ሪፖርቱ ቦርሳዬ ውስጥ የለም፣ ላቀው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስገብቼዋለሁ። ክፍት መስመርም የለውም። ኦርጋን ነው የሚለው፤ ሊወስዱህ የሚመጡትም ከምሳ በኋላ ነው።

ላቀው፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ ሰምተኸኛል።

ላቀው፦ አንቺም ሰው ሰጠሽ ማለት ነው። ስትፈርጂብኝ ቆይተሽ፣ አንቺም እንደ እኔው አንድ ሰው መርጠሽ ሰጠሽ!

አስካለ፦ ሰጠሁ። ቴፑ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት ብዬ ራሴን አላታልልም። ልቅሶውን ስጽፍ ፊደል እስት ነበር። አንተን ስጽፍ አንድም አልሳትኩም። ከዚያ ወዲህ እጄን ማየት ያስፈራኛል።

ላቀው፦ ታዲያ ለምን መጣሽ? ሲወስዱኝ ልታዪ?

አስካለ፦ ላስመልጥህ ነው የመጣሁት። የሆቴሉን አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ለምኜው እስከ ሰበታ ሊያደርስህ ጓሮ ቆሞልህ ነበር። አንዴ ብቻ «ጊታር አትበይ» ብትለኝ እጅህን ይዤ ነበር የምወጣው። ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ስጠብቅህ ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ ሰማሁት።

ላቀው፦ በእግሬ እወጣለሁ። በኩሽናው በኩል እወጣለሁ። ስንት ደቂቃ አለኝ? እትዬ አስካለ፣ ንገሪኝ፣ ስንት ደቂቃ አለኝ?

አስካለ፦ ስገባ ሩብ ሰዓት ነበረህ።